ያልተጨመረችው ስንዝር

ሰፈሩ «ጨምሬ» ይለዋል። በር የሚያሠራም፣ የተሰበረ ወንበር የሚያስጠግንም፣ ሐዘን ደርሶበት የሬሳ ሣጥን ሊያዝ የመጣም ሰው በዚሁ ስም ጠይቆ ነው ሱቁን የሚያገኘው። ስሙን ያወጣለት ግድግዳ ተጋርቶት የሚሠራው ብረት በያጅ ነው። አናጢው የተሰጠውን ልክ ሁሉ ጨመር አድርጎ የመቁረጥ አመል አለበትና፣ «ጠረጴዛ ያዘዝከው እንደ ሆነ አልጋ ይዘህ ትሄዳለህ» እያለ በያጁ ደንበኛ ያስቃል። ጨምሬ አይስቅም። ትርፉን በመላጊያ እየገፈፈ ያጎነብሳል። አመሉ የተወለደበትን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች በሰፈሩ ጥቂት ቀርተዋል፤ እነሱም ያን ቀን አንስተው አይቀልዱም።

ጨምሬ ከመባሉ በፊት «ኢንጂነሩ» ይባል ነበር፤ ይህን ደግሞ ያወጣለት አባቱ ነው። አባትየው አንቱ የተባለ አናጢ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ንግግሩ ያጠረ፣ ደረቱ በእንጨት ብናኝ የታፈነ ሰው ነበር። ሙያውን ይጠላ ነበር ማለት ይከብዳል፤ የሠራውን በር ሲዘጋ ጆሮውን ደቅኖ ድምፁን የሚያዳምጥ ሰው ሙያውን ጠላ አይባልም። ለልጁ ግን አልተመኘውም። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጃፍ ላይ ቆሞ ልብሱን ያራግፋል፣ ፀጉሩን በፎጣ ይመታል፣ ጫማውን ገልብጦ ያንኳኳል፤ ልጁ የሰጋቱራ ሽታ እንኳ እንዳይለምድ። ልጁ ሱቁ በር ላይ ብቅ ሲል ከተገኘ የሚሰማው አንዲት ቃል ናት፦ «ደብተርህ»።

ልጁ ግን ለምዶ ነበር። አባቱ እንጨት ሊመርጥ ወደ ጣውላ ተራ በወጣ ቁጥር ሾልኮ ይገባል፣ ከቁርጥራጭ በርጩማ ይገጣጥማል፣ አባቱ ሳይመለስ መልሶ ይፈታታል። ሙያን በስርቆት መማር ይህ ጉዳት አለው፦ ዐይን የሚያየው ይሰረቃል፤ በአፍ የሚነገረው ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት የወጣ ዕለት ኢንጂነሩ አልፎ አልተገኘም። የጎደለው ነጥብ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ወንዝ ለመሻገር ጥቂት የጎደለው ድልድይ ያው ድልድይ አይደለም። ከፊቱ ሁለት መንገድ ቀረ፤ ወይ ቤት ተቀምጦ በግል ደግሞ መፈተን፣ ወይ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ሙያ መማር። ቴክኒኩ በእንጨት ሥራ ክፍል ሊቀበለው ፈቃደኛ ነበር፤ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነበር።

«እንጨት?» አለ አባትየው በምሳ ሰዓት፣ ጉርሻውን ከአፉ መልሶ። «እንጨት ለመማር ትምህርት ቤት? እዚህ ቤት ውስጥ እንጨት አጥተህ ነው?»

«እዚህ ቤት ውስጥ እንጨት የሚያስተምረኝ አጥቼ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ።

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። በባሏና በልጇ መካከል ስትቀመጥ በሁለት ድንጋይ መካከል እንደ ገባ እህል ናት። «ልጁ ይናገር እስቲ» አለች።

«ተናገረ እኮ። እኔን መሆን አማረው። እኔን ለመሆን ይሄ ሁሉ ትምህርት ምን አደረገ?» ከዚያ ሳል ያዘው፤ ሳሉም ከንግግሩ የበለጠ ተናገረ።

የመጀመሪያው ሽንፈት የልጁ ሆነ። ደብተሩን ይዞ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ቤት ይመላለስ ጀመር። መምህሩ በአንድ ጠባብ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰሌዳቸውን ከአልጋቸው ራስጌ የሰቀሉ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁን በነፃ ያስተምሩታል፤ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግምት እንዳያመጣባቸው። «መልሱ ይህን ያህል ገደማ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ» ይሉ ነበር። «ገደማ የሚባል ቁጥር የለም፣ ልጄ። ልክ አለ፣ ስሕተት አለ።» ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሻለው ልጁ ሲጠይቃቸው ግን ጠመኔውን አስቀመጡ። «እኔ በአንዱ ብቻ ነው የሄድኩት። ስላልሄድኩበት ምን ልንገርህ።»

የምዝገባው መዝጊያ ሲቃረብ ልጁ ሱቁ ድረስ ሄዶ አባቱ ፊት ቆመ። በያጁም የተቃጠለ ጓንቱን እያወለቀ ለመስማት ብቅ አለ።

«አንድ ሥራ ይስጡኝ» አለ ልጁ። «ከአንድ ሥራ በኋላ ይፍረዱ።»

አባትየው የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «እሺ። ከነገ ጀምሮ መጀመሪያ የሚመጣው ትእዛዝ የአንተ ነው። ከጣውላው ምርጫ እስከ መጨረሻው ሚስማር። እኔ እጄንም ምላሴንም አላስገባም። ሥራው ካላሳፈረህ ቴክኒክ ግባ። ካሳፈረህ ወደ ደብተርህ፤ ሁለተኛም እንዳታነሳብኝ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው። ይኸው በያጁ ምስክር ነው።»

«እኔ እንኳ ዐይኔ በብየዳ አልቆ ምስክርነቴ በግማሽ ነው» አለ በያጁ። «ግን ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ትእዛዝ የመምህሩ ወንድም ይዞት የመጣው ሲባጎ ነበር። መምህሩ ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አርፈዋል።

ሲባጎው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በዚያ ሰፈር ለሬሳ ሣጥን ቁጥር አይነገርም። የሟችን ቁመት በሜትርና በሴንቲ ሜትር ጠርቶ ማዘዝ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ የቅርብ ዘመድ ሟችን ከራስ እስከ ተረከዝ በሲባጎ ለክቶ፣ ጫፉን ቋጥሮ፣ ለአናጢው በዝምታ ይሰጣል። አናጢውም በዝምታ ይቀበልና በሲባጎው ላይ የእጁን ስንዝር ይጨምራል። የሞተ ሰው እግሩን እንደ ቆመ ሰው አያቀናም፤ ጣቶቹ ቁልቁል ይዘረጋሉ፤ ከራሱም ሥር የሚነጠፍለት አለ። ይህቺ ስንዝር በሲባጎው ላይ የለችም፤ በየትም አልተጻፈችም። አባት ለልጁ የሚነግራት ነገር ናት።

አባትየው ሲባጎውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ አይቆጠርም» አለ። «ይሄን እኔ እሠራለሁ። ለአንተ ሌላ ይመጣል።»

ልጁ ዐይኑ ቀልቷል። «መምህሬ ናቸው። መጀመሪያ የሚመጣው ብለዋል። ቃል ነው ብለዋል።»

ቃሉን የሰጠው ሰው ቃሉን አጠፈ እንዳይባል እጁን ሰበሰበ። ልጁም ጣውላውን መረጠ፤ ቋጠሮ የሌለበትን፣ ጭረቱ ቀጥ ያለውን። ቀኑን ሙሉ ላገ፣ ለካ፣ ቆረጠ። መምህሩ እንዳስተማሩት በሥራው ውስጥ «ገደማ» አልነበረም። የሣጥኑን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሲባጎው ልክ አወጣው፤ የሲባጎው ቋጠሮ ጣውላውን ነካ፤ ሲባጎው አልተጠማዘዘም፣ አልረገበም። ከዚያ በላይ ለመምህሩ የሚያቀርበው ክብር አልታየውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጁ ክዳኑን በሁለት በርጩማ ላይ አጋድሞ ከሥሩ ሆኖ ውስጡን ሲያለሰልስ ሳለ አባትየው ወደ ሣጥኑ ቀረበ። እናትየው ቁርስ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁለቱንም ታያለች። ባሏ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ስንዝሩን በሣጥኑ ግርጌ አሳረፈ። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ሲባጎ አየ። እንደገና ሣጥኑን አየ። አፉ ሲከፈት አይታለች፤ ሲዘጋም አይታለች። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ወደ ጣውላ ተራ ወጣ።

ያሰበውን በኋላ ለእሷ ብቻ ነግሯታል። ቀብሩ ከሰዓት ነው። ሣጥኑን ሊወስዱ ሲመጡ «አጥሯል» ሊል፣ በጎን በሚያዘጋጀው ጣውላ ራሱ ሊያስረዝመው፣ ልጁም ማንም ሳይጎዳ ሊሸነፍ። ይህን አሰበ። ልጁን ከብናኝ ለማዳን የተከፈለች ትንሽ ዝምታ መስላ ታየችው። ሰማዩ እየጠቆረ መሄዱን ግን አላሰበበትም። ለቀስተኞች ዝናቡን ፈርተው ቀብሩን ወደ ቀትር አመጡት፤ አባትየው ጣውላ ተራ ሆኖ ሲማርጥ አራት ጎልማሶች ሣጥኑን በትከሻቸው ይዘው ሄዱ። ልጁ ከኋላቸው ተከተለ፤ አንድ ሰው «የማን እጅ ነው? እንዴት ያምራል» ሲል ሰምቶ አንገቱን ደፋ፤ ከሐዘኑ ሥር ደስ ብሎት ነበርና አፈረ።

የመምህሩ ክፍል ጠባብ ነበረች። ሰሌዳው እንደ ተሰቀለ ነው፤ ለልጁ የጻፉለት ጥያቄ መልሱ ሳይሞላ በግማሽ ቀርቷል። ገንዘው የያዟቸው ሰዎች አንሥተው ወደ ሣጥኑ ሲያወርዷቸው እንቅስቃሴው በድንገት ቆመ። አንዱ ወደ ራስጌ ሳብ አደረገ፣ ሌላው ወደ ግርጌ ገፋ። ሹክሹክታ ተነሣ።

«አጠረ።»

«ምን ማለት ነው አጠረ? ሲባጎውን እኔው ነኝ የሰጠሁት።»

«አጠረ እልሃለሁ። እግራቸው አልገባም።»

ደጅ ያለው ለቀስተኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ የዝናቡ ጠብታ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል። ወንድምየው ግንባሩን በመዳፉ ይዞ «አጠፍ አድርጓቸው» አለ። ጉልበታቸውን አጠፉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በልክ የኖሩት ሰው ጎናቸውን ወደ ጣውላው ተጭነው፣ እንደ በረደው ሕፃን ተጣጥፈው ተኙ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን አየ።

አባትየው ጣውላና መዶሻ ይዞ፣ እያሳለ፣ እየሮጠ ሲደርስ ክዳኑ ተመትቶ ነበር። በሕዝቡ ፊት ቆሞ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ልጁ ምንም አላጠፋም። የእኔ ነው።»

ሰዉ አከበረው። አባት ማለት እንዲህ ነው፣ የልጁን ነውር በራሱ ጋቢ የሚሸፍን፣ ተባለ። በዚያ ቅጥር ውስጥ ቃሉ እንዳለ እውነት መሆኑን የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ይዛ ዝም አለች።

በሳምንቱ መጨረሻ አባትየው ልጁን ጠራው። «ሂድ፣ ተመዝገብ» አለው፤ ዐይኑ መሬት ላይ ነበር። «ነገ ይዘጋል።»

«ሥራው አሳፈረኝ» አለ ልጁ። «ካሳፈረህ ወደ ደብተርህ ነው የተባለው።»

«እኔ ፈትቼሃለሁ እኮ።»

«እኔ አልፈታሁም።»

እናትየው ለመነችው። በያጁ እንኳ ቀልዱን ትቶ «አንተ ልጅ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ አትሁን፤ እኔ ምስክሩ ቃሉን ረስቼዋለሁ» አለው። አልሰማም። ኩራቱን ከማን እንደ ወረሰው አባቱ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ አልተከራከረም። ምዝገባው ተዘጋ።

የተከተሉት ዓመታት ባጭሩ ይነገራሉ፤ በውስጣቸው ብዙ ነገር አልነበረምና። ያለ መምህር አጠና፤ ደግሞ ተፈተነ፤ ከፊተኛው ባነሰ ነጥብ ወደቀ። እንደገና ተፈተነ። በኋላም የሌሎች ሰዎችን ወረቀት በማባዣ ማሽን እያባዛ፣ የሌሎችን ልጆች የትምህርት ማስረጃ በፕላስቲክ እያሸገ ወጣትነቱ አለፈ። አባትየው መጋዝ መያዝ ሲያቅተውና ሱቁ ሲዘጋ ብቻ፣ ከእናቱ በቀር ማንንም ሳያማክር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። አብረውት የሚማሩት ልጆች «አጎቴ» ይሉት ነበር። የቴክኒኩ መምህር ስለ ሬሳ ሣጥን ምንም አላስተማረም፤ በትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። ሱቁን ሲከፍት የሚጨምራት ስንዝር ከየትም የተማራት አልነበረችም፤ ከዚያች ጠባብ ክፍል በር ላይ ይዟት ተመልሶ ነው።

አባትየው በመጨረሻው ዓመት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኛ። በግድግዳው በኩል የመጋዙ ድምፅ ይሰማዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ልጁ ሾርባ ይዞለት ሲገባ እጁን ያዘው።

«ያን ቀን» አለ፤ ትንፋሹ ተቋረጠበት። «የመምህሩ ቀን። እኔ…»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ምኑን ታውቃለህ? እናትህ ነገረችህ?»

«እማማ ምንም አልነገረችኝም። ስንዝርዎን ሲያሳርፉ አይቻለሁ። ክዳኑ ሥር ሆኜ።»

የአባትየው እጅ ላላ። «ካየህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ልጁ ሾርባውን በማንኪያ አማሰለ። «ሲያሞግሱኝ ሰምቼ አላውቅም። ለክተው ዝም ብለው ሲወጡ ሥራዬን የወደዱልኝ መሰለኝ።» ማንኪያውን ወደ አፉ አቀረበለት። «እስኪ ይቅመሱ፤ እየቀዘቀዘ ነው።»

አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጁ ማንኪያውንና ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ሱቁ ተመለሰ። የጀመረው የወጥ ቤት በር ነበር። ጣውላውን በሜትር ለካ፣ በእርሳስ ምልክት አደረገ፣ ከምልክቱ ወዲያ ስንዝሩን ዘረጋ፣ መጋዙንም በስንዝሩ ጫፍ አሳረፈ።