እስከ አፉ የተሞላ ታንክ

በጋራዡ ውስጥ «አነፍናፊዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የጋራዡ ባለቤት። ሌላው ምንም ሳይሸተው እሷ የነዳጅ ጠረን ከበር ላይ ትይዛለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዕቃ በማጠብ ጀምራ አሁን አርባ ሁለት ሞልቷታል። የመኪና ብልሽት የሚያነበውን ኮምፒውተር ከተረከበች ግን ገና ሦስት ሳምንቷ ነው።

የአዋላጅ ነርሷ ነጭ መኪና ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ የሞተር መብራት አልጠፋ ብሏል። ሁለቱንም ጊዜ ያየው ወንድሟ ነበር፤ አንዴ የነዳጁን ክዳን ቀየረ፣ አንዴ ደግሞ መብራቱን በኮምፒውተሩ አጥፍቶ ሸኛት።

«ሲስተር ተማራለች» አላት። «መኪናዋ ከነገ ወዲያ ከሰዓት ዓመታዊ ምርመራ አለባት። መብራቱ አሁንም ከበራ ኮምፒውተሩን እቀበልሽና ወደ ጎማ መቀየርሽ ትመለሻለሽ።»

«ሁለቴ የሸኘሃት አንተ፣ የምቀጣው እኔ? ደግ ነው ጋሼ!»

«ምላስሽን ሰብስቢና ሥሪ።»

መኪናዋ ሥር ገብታ ከታንኩ የሚወጣውን የነዳጅ ተን ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ በጣቷ ዳበሰችው። ዓይን በማይደርስበት በጀርባው በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘች። ቱቦውን ቀየረች፣ መብራቱንም አጠፋች። ይህ ግን ለእሷ ማረጋገጫ አልነበረም፤ መብራትማ ማንም ያጠፋል። ተኑ ያመልጥ እንደሆነ መኪናዋ ራሷ የምትፈትሽበት ሥርዓት አላት። ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ፣ ጠዋት ተነሥቶ፣ ረጋ ባለ ፍጥነት ተነድቶ ያ ፍተሻ እስኪያልፍ ድረስ ጥገናው ገና ወሬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተርን ጎኗ አስቀምጣ ወጣች። ኮምፒውተሩ ከመሪው በታች ተሰክቷል። ሃያ ደቂቃ ነዱ፤ ስክሪኑ «አልተጀመረም» ይላል። አርባ ደቂቃ ነዱ፤ ያው ነው። ቱቦውን አጥብቃው ይሆን? ክሊፑንስ? አንድ በአንድ በሐሳቧ ስትፈታ ዓይኗ የነዳጁ ጌጅ ላይ ዐረፈ። ጥግ ድረስ ሞልቷል።

«ሲስተር፣ ነዳጅ ሞልተሻል እንዴ?»

«እኔ? ትናንት ሳስረክባችሁ ግማሽ ነበር።»

ስልኳን አወጣች። «ጋሼ፣ መኪናዋን ነክተሃታል?»

«አሳጥቤ ታንኳን እስከ አፉ ሞላሁላት» አለ ወንድሟ በኩራት። «ስላንገላታናት ይቅርታ ይሁን ብዬ ነው። ምነው፣ ከፋኝ አለች?»

«ታንኩ ሲሞላ እኮ ፍተሻው አይጀምርም! ተኑ የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል።»

«እኔ በምን ዐውቄ» አለ ወንድሟ።

የሲስተር ሥራ አራሶችን በየቤታቸው እየዞሩ ማየት ነበር። «እንግዲያውስ ነዳጁ እስኪጎድል ሹፌሬ ሁኚ» አለቻት እየሳቀች። ያን ቀን ከከተማው ዳር እስከ ዳር ስምንት አራስ ቤት አደረሰቻት። ሲስተር ስትገባ እሷ መኪናዋ ውስጥ ሆና ጌጁን ታያለች። የመጨረሻው ቤት ሲደርሱ ጌጁ ወደ ሦስት አራተኛው ወርዶ ነበር። አነፍናፊዋ መኪናዋን በራሷ ደጃፍ አሳደረቻት፤ ቁልፉንም ማንም እንዳይነካው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት በዚያው መንገድ ረጋ ብለው ነዱ። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ስክሪኑ «በመካሄድ ላይ» አለ፤ ጥቂት ቆይቶም «አልፏል»። ዳር ይዛ ቆመች። ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ስክሪኑን ወደ ሲስተር አዞረችላት።

«ይሄ የኔ ቃል አይደለም፤ መኪናሽ ራሷ የሰጠችው ነው።»

«ታዲያ ያናገራት ማን ሆነና!» አለች ሲስተር።

ጋራዥ ሲደርሱ ወንድሟ በር ላይ ቆሟል። ስክሪኑን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ሲስተር አመስግና ወደ ምርመራው ከሄደች በኋላ ወደ እህቱ ዞረ።

«ያ ሰማያዊ ፒክአፕ ትዝ ይልሻል? የባለ ዳቦ ቤቱ።»

«ባለፈው ወር ሠርተህ የሸኘኸው?»

«አልሠራሁትም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «መብራቱን ብቻ ነው ያጠፋሁት። ደውዬ ልጥራው?»

አነፍናፊዋ ኮምፒውተሩን ከእጁ ተቀበለችና ገመዱን ጠቀለለች።

«ጥራው። ሌላም ካለ ዝርዝሩን አምጣልኝ።»