የባለቤቴ ተራ

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ የእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ዳገት ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፣ ይህንንም ስልኬ ላይ በገዛ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ ነው የምጽፍላችሁ።

ዛሬ ግን በሰፈራችን አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ደብቄ የያዝኩትን አወጣሁ።

የዩኒቨርሲቲ ልጆች ድራማ ይዘው መጥተው ነበር። ሚስቱ ሞታበት ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ያሳያሉ። ያልተስማማ ተመልካች አስቁሞ ራሱ ገብቶ ይጫወት አሉን።

ሽማግሌ የሆነው ተማሪ ሲነፋረቅ አላስቻለኝም። "ቁም! ወንድ ልጅ እንዲህ አያለቅስም" ብዬ ቦታውን ያዝኩ። (ፂሙ የራሴ ስለሆነ መለጠፍ አላስፈለገኝም።)

በድራማው የሽማግሌውን በር የምታንኳኳውን ልጅ ደግሞ ለተይ አስቁማ በቦታዋ ገባች። የእውነት ጎረቤቴ ናት!

"ኣያ ገብሩ፣ ባለቤትዎ ካረፈች በእሷ ቦታ ማኅበር ለምን አይመጡም?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"ውሸትዎን ነው! ቦታዋን እስከ ዛሬ ለእርስዎ ትተነዋል።"

ድራማ መሆኑ ጠፋኝ። "ማኅበር ስትቀመጡ ሳቋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር" አልኳት። "እዚያ ገብቼ ባጣውስ?"

"እኛስ በየወሩ እያጣነው አይደል የምንቀመጠው?"



ባለቤቴ ያረፈችው የመደገስ ተራዋ ሳይደርስ ነው። ለተይ "እኛ እንደግስልዎ" አለችኝ፤ አይሆንም አልኩ።

የሟች ተራ የተረከባችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደተወጣችሁት ጻፉልኝ። ቀስ ብዬ አነባለሁ።

የእሷን ድግስ እኔ እደግሳለሁ። ጠላውንም እኔው እጠምቃለሁ። በሐዘኔ ጊዜ መጥታችሁ ያልከፈትኩላችሁ ሁሉ፣ ለድግሱ ልጠራችሁ በየቤታችሁ እመጣለሁ፤ እናንተ ክፈቱልኝ።