የፓስተር ፍቅረሥላሴ ዝምታ

ፓስተር ፍቅረሥላሴ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው የሞቱት በፈረንጆቹ 2017 መጋቢት ላይ ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ዴንቨር ውስጥ የሚያውቃቸው ሐበሻ ሁሉ ስለ እሳቸው አንድ ነገር ይናገራል፤ አይዋሹም። ምስጋና ብቻ አልነበረም። እሳቸውን ለሽምግልና መጥራት በራስ ላይ ምስክር መጥራት ነው ይባል ነበር።

ደሴ አስተማሪ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እታለም ጋር ዴንቨር ሲደርሱ የተቀበሏቸው ኩዌከሮች ናቸው፤ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤት የሚሰበሰቡ፣ የማይምሉ፣ መሣሪያ የማያነሱ፣ አምልኳቸው ግማሹ ዝምታ የሆነ ክርስቲያኖች። ፍቅረሥላሴ መጀመሪያ የሄዱት ሊያመሰግኑ ነበር። እዚያው ቀሩ። ለቀበሌም ለኬላ ጠባቂም እየዋሹ እንደተረፉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚዋሹት እንዳለቀባቸው ይናገሩ ነበር። ከዓመታት በኋላ የጉባኤው ፓስተር ሆኑ። ደመወዙ ስለማያኖር በሥራ ቀን የኤርፖርት ሻትል ይነዱ ነበር።

እታለም ከተዋሕዶ ንቅንቅ አላሉም። እሑድ ጠዋት ባልየው ቤተ ክርስቲያናቸው ያደርሷቸውና ወደ አውሮራ ይነዳሉ። ጾሙንም አብረዋቸው ይጾማሉ።

«እናንተ ጋ ፓስተሩም ዝም፣ ሰዉም ዝም» ይሏቸዋል እታለም። «ዝም ለማለት ቤንዚን ማቃጠል ምን ይባላል?»

ባልየው ይስቃሉ። ልጆቻቸውን አዶኒያስንና ሔቨንን እንዲህ አሳደጉ። በ2010 ፓስተሩ ከሁለቱም ሥራ ጡረታ ወጡ።

በ2014 ኅዳር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አዶኒያስ የሚነዳው የጭነት መኪና ዋዮሚንግ ላይ በረዶ አንሸራትቶት ተገለበጠ። አዶኒያስ ሞተ። እናቱ በዚያ ሳምንት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ደምሰው ሽማግሌዎች ይዘው ሞንትቤሎ መጡ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እታለም ከሆስፒታል ወጥተው ጠንከር ሲሉ፣ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ ያረዳቸዋል ተባለ። ሔቨን ማንም ደውሎ እንዳይነግራቸው የእናቷን ስልክ ወሰደች። ፓስተሩ ግን እንደማይዋሹ ተናገሩ።

«ማን ዋሹ አለዎት?» አሉ ደምሰው። «ዝም ይበሉ። ዝምታ እንደሆነ የእርስዎ ሙያ ነው።»

ፓስተሩ አሰቡበት። ዝምታ ውሸት እንዳልሆነ አመኑና ተስማሙ።

ሰው ሞንትቤሎ እየመጣ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ፣ ጥቁሩን አውልቆ፣ ሆስፒታል እየሄደ እታለምን አሳቀ። ፓስተሩም በየቀኑ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። ሐሙስ ልጃቸውን ቀበሩ፤ ከመቃብሩ በቀጥታ ሄደው፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ጥቁር ኮታቸውን በሹራብ ቀይረው ገቡ።

እታለም አዶኒያስ ለምን እንደማይደውል ጠየቁ። ሔቨን መንገድ ላይ ኔትወርክ እንደሌለው ነገረቻቸው።

«አንቺን አይደለም» አሏት። ወደ ባላቸው ዞሩ። «ልጄ ደህና ነው?»

«ዳዲ፣ ፕሊስ» አለች ሔቨን።

«ሞቷል» አሉ ፓስተሩ። «ዛሬ ቀበርነው።»

እታለም አልጮኹም። መቼ እንደሞተ ጠየቁ። እሑድ እንደሆነ ነገሯቸው።

«ከእሑድ ጀምሮ እጄን ይዘህ ተቀምጠሃል» አሉ። «ሌላው ይዋሽ፤ የሰው ወግ ነው። እኔ ያንተን ፊት አይቼ ነው ልጄ አለ ያልኩት።»

«አልዋሸሁሽም እኮ።»

«ያለ እኔ ቀበርከው።»

እታለም ዳኑ። ሔቨን አባቷን በመናገራቸው ተቀየመቻቸው፤ እናቷ በመዘግየታቸው። ፓስተሩ ለአንዷ የሚሰጡት መልስ ለሌላዋ አይሆንም ነበር። አውሮራ መሄዳቸውን አልተዉም፤ የዝምታው ሰዓት ሲደርስ ግን ተነሥተው ይወጣሉ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ። እታለም ምግባቸውን ያቀርባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ። ምንም አይጠይቋቸውም። ውጭው ይበርድ እንደሆነ ለማወቅ እንኳ ራሳቸው በሩን ከፍተው ያያሉ።

በ2016 መጨረሻ ፓስተሩ ሆዳቸውን ታመሙ። ለምርመራ ማደንዘዣ ወስደው ተኝተው ሳለ፣ ሐኪሙ ለእናትና ልጅ ካንሰር መሆኑን፣ ጉበታቸው ውስጥ መግባቱን ነገራቸው። ሔቨን ቢያንስ የገና በዓል እስኪያልፍ እንዳይነገራቸው ለመነች። እሷ ገና እየተናገረች እታለም ኮሪደሩን አቋርጠው ገቡ። ፓስተሩ ነቅተው ነበር።

«አትድንም» አሏቸው። «ካንሰር ነው። ወራት ነው የቀረህ።»

«መቼ ነገሩሽ?»

«አሁን። ከሐኪሙ ጋ መምጣቴ ነው።»

ፓስተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እታለም ወንበር ስበው ተቀመጡና የት መቀበር እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው።

«ከአዶኒያስ ጎን።»

«ጎኑ ተይዟል» አሉ እታለም። «በግርጌው በኩል፣ ራቅ ብሎ፣ ቦታ አለ።»

«ይሁን» አሉ ፓስተሩ።