ግመል ተራ የተመረመረችው መኪና

መኪናዬ ሁለት ፕሮጀክቶችን አገልግላ በጨረታ የወጣች አሮጌ ፎርዊል ናት። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ከሚሴ ላይ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ወደ ጨፋና ወደ ሰንበቴ እየወጣሁ ከብት አክማለሁ። ሁለት ክፉ አመል ባይኖራት ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ መኪና አልመኝም ነበር።

አንዱ አመሏ መሪዋ ነው። ወደ ቀኝ ልታጠፍ ብዬ ስጠመዝዝ የመጀመሪያው ሩብ ዙር ባዶ ነው፤ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ግን ገና ወሬው አልደረሰውም። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ሕፃን እንደምታባብል ሴት መሪውን ግራ ቀኝ ሳወዛውዝ ነበር የምውለው። ሌላው መንቀጥቀጧ ነው። ፍጥነቴ ስልሳ ሲደርስ ከፊት በግራ በኩል ይጀምራታል፤ ከዚያ ወደ ወንበሬ፣ ከወንበሬ ወደ ጥርሴ ይወጣል። ከኋላ የጫንኳቸው ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። አንድ ቀን እናቴ ስትደውል በዚያው ፍጥነት ላይ ነበርኩና "ም-ም-ምንም አልሆንኩም" ብላት የማለቅስ መስሏት ባሌን ልትቆጣ ቤት ድረስ መጣች። ባሌ ምሳውን እየበላ ነበር።

መካኒኬ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አይወድም፦ መሬት ላይ መተኛት። ቱታው ከእኔ ጋዋን የበለጠ ንጹሕ ነው። ኮፈኑን ይከፍትና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ለጎማዎቹ ንፋስ ጨመረላቸው፤ በሌላ ጊዜ ቀነሰላቸው። በሦስተኛው "እህቴ፣ አርጅታለች እኮ። ሰውስ ሲያረጅ እጁ ይንቀጠቀጥ የለ? ከስልሳ በታች ንጂ" አለኝ። ይህን ዓይነቱን ምክር አውቀዋለሁ። እኔም በሽታው ሲጠፋብኝ ለገበሬው የምሰጠው እሱኑ ነው።

እንዲህ እያልኩ ከርሜ አንድ የገበያ ቀን ሰንበቴ ደረስኩ። እዚያ አጎቴ የከብት ደላላ ናቸው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና እጄን ጨብጠው አልለቀቁትም።

"አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ልጄ? እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?"

"መኪናዋ ናት፣ አጎቴ። መሪዋም ላልቷል። መካኒኩ ምን እንደሆነች ሊያገኝላት አልቻለም።"

"እንዴት ብሎ ያገኛል?" አሉ። "እሱ ሊያስቀይምሽ አይፈልግም። ነውሯን አንድ በአንድ የሚነግርሽ ሊገዛት ያሰበ ሰው ነው። ወደ ግመል ተራ አምጫት።"

"አልሸጣትም እኮ።"

"ሽጪ ማን አለሽ? አቁሚያትና አንቺ ዝም በይ።"

ከግመሎቹ አጠገብ አቆምኳት። አጎቴ ዙሪያዋን እየዞሩ ጎማዋን በዱላ መታ መታ ሲያደርጉ ከቆላ የመጣ አንድ ግመል ነጋዴ ቀረበ። ከአጎቴ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው።

"ትሸጣለች እንዴ?" ሲል ጠየቃቸው።

አጎቴ መዋሸት አይወዱም። ወደ ሰማይ ቀና ብለው "ሁሉም በአላህ እጅ ነው" አሉ።

ነጋዴው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። "ሂጂባት እስቲ" አለኝ። እሱ በግራ፣ አጎቴ በቀኝ ሆነው አጠገቤ እየተራመዱ መንዳት ጀመርኩ። አጎቴ ላም እንደሚመሩ ሁሉ "ሱታ፣ ሱታ" እያሉ ቀስ እንድል ይለምኑኛል። ፍየሎቹ ተበተኑ። አንድ የተኛ ግመል ግን ፈቀቅ ሊል አልወደደም፤ እኔ መሪውን ብጠመዝዝም መኪናዋ ነገሩን እስክትሰማ ድረስ ወደ እሱ እየሄድን ስለነበር ፍሬን ያዝኩ። ግመሉ በመስኮት በኩል ገርምሞኝ ማመንዠኩን ቀጠለ።

"ትሰክራለች" አለ ነጋዴው። ሽርጡን ሰብሰብ አደረገና፣ መካኒኬ እነዚያን ሁሉ ወራት ያልደፈረውን፣ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ።

"መሪውን ወዝውዢው!"

ወዘወዝኩት።

"ድገሚ።" ከዚያ ከሥር ድምፁ በደስታ ወፍሮ መጣ። "ኑ እዩ። መሪው ሲዞር ይሄ የመሪው ሳጥን አብሮ ይሄዳል፤ ጎማው ባለበት ይቀራል። ከሻንሲው ጋር የሚያስረው አንዱ ቡሎን የለም፤ የቀሩት ላልተዋል።"

አጎቴ ገቡ። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ገቡ። እኔ ከላይ መሪ እየወዘወዝኩ በመስኮት ስመለከት ከመኪናዬ ሥር የአምስት ሰው እግር ወጥቶ ይታያል። ሁሉም "ወላሂ፣ እውነቱን ነው" ይላሉ።

"እሺ፣ ሌላስ?" አሉ አጎቴ።

ነጋዴው እጁን ወደ ፊተኛው ግራ ጎማ ውስጠኛ ጎን ሰደደ። ቸርኬው ውስጥ የክረምቱ የጨፋ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። ሲፈነቅለው የዳቦ ግማሽ የሚያህል ጓል ወርዶ ጺሙ ላይ ተከሰከሰ። እየተፋ ወጣና የተረፈውን ጓል ኮፈኑ ላይ እንደ ማስረጃ አኖረው።

"በዚህ በኩል ብቻ ይሄን ተሸክማ ስትሮጥ እንዴት አትንቀጠቀጥ?"

"ማሻአላህ! ሌላስ?"

ነጋዴው አጎቴን ትኩር ብሎ አያቸው። "የዕቃው ነውር ሲነገረው እንዲህ የሚደሰት ሻጭ ገና ዛሬ አየሁ።"

አጎቴ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻሉም፤ ነገሩን ነገሩት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ በእውነት አፍሬ ነበር። ነጋዴው ግን ጺሙን እያራገፈ ትንሽ አሰበና "እንግዲያው እኔ ያንቺን መርምሬያለሁ፤ አንቺ ደግሞ የእኔን መርምሪ" አለኝ። ያ ያልተነሳው ግመል የእሱ ኖሯል።

ፍትሐዊ ስለመሰለኝ በደንብ መረመርኩለት። ብብቱ ሥር እከክ አለው። አንድ ጥርሱ ተሰብሯል። የኋላ ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ያገኘሁትን ጮክ ብዬ ስዘረዝር ነጋዴው በሁለት እጁ ያዘኝ።

"ቀስ በይ፣ እህቴ። ገዢዎች ይሰሙሻል።"

ለእከኩ መድኃኒት መርቄው ተሳስቀን ተለያየን። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከመሣሪያ ሣጥኑ ልክ የሚሆን ቡሎን ፈልጎ አሰረልኝ፤ የላሉትንም አጠበቃቸው። የቀሩትን ጎማዎችም አጎቴ በዱላቸው ጫፍ ፈለፈሏቸው።

ወደ ከሚሴ ስመለስ ስልሳ ደረስኩ፤ ጠርሙስ አልተንጫጫም። ሰባ አልኩ፤ ጸጥታ። አልሐምዱሊላህ ብዬ አንድ ደንበኛዬን ለማየት ወደ ጥርጊያው መንገድ ወጣሁ። ችግሩ እጄ እንደ መኪናዋ አለመጠገኑ ነበር። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ እንደ ልማዴ ሩብ ዙር ጨምሬ ስጠመዝዝ መኪናዋ ወዲያው ታዘዘችኝና ሰተት ብላ የሰው ማሽላ ውስጥ ገባች። አንድ ረድፍ አጋድማ ቆመች።

ባለማሳው፣ በአካባቢው ከብት ሳክም የሚያውቁኝ ሽማግሌ፣ እየሮጡ መጡ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል እየፈለግሁ ሳለ ሽማግሌው የመኪናዋን በር ከፈቱልኝ።

"አላህ ነው የላከሽ" አሉ። "በሬዬ ከትናንት ጀምሮ አልበላም። ግን በማሽላው በኩል አቋርጠሽ ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ መታመሙን ማን ነገረሽ?"

ማስረዳት ረጅም ሆነብኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ተከተልኳቸው።