አማቴ ያላመኑት ቀይ መኪና

«አባባ፣ በቅሎ አይደለም እኮ! ምኑን ነው የሚዳብሱት?» አለ ደላላው። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ... ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ደሴ ላይ፣ አንድ የመኪና ደላላ ግቢ ውስጥ። አማቴ አባ ይመር ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መዳፋቸውን አንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ ፒካፕ ኮፈን ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ ነጋዴ ናቸው። መኪና የሚያውቁት ተሳፍረውበት ብቻ ነው።

እኔ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በአራት በቅሎ ዕቃ አመላልስ ነበር። የአገራችን የገበሬዎች ማህበር ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ከደሴ የሚያመጣለት ሰው ሲፈልግ ሊቀመንበሩ ጠራኝ። «ለሚመጣው ገበያ ዕቃውን በመኪና ካደረስክ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» አለኝ። ምን ጊዜ አለ? አራቱንም በቅሎዎች ሸጥኳቸው። በቅሎዎቹ ደግሞ አባ ይመር ልጃቸውን ሲድሩልኝ የሰጡኝ ናቸው። የምገዛው መኪና የማይረባ ከሆነ እኔና ሚስቴ ባዶ እጃችንን ቀረን ማለት ነው።

«የሰጠሁህን ሸጥክ፣ ሸጋ። የምትተካበትን ሳላይ ግን አልቀርም» ብለው ተከተሉኝ። እኔ እኮ መንጃ ፈቃድ አለኝ! የመንገድ ሥራ ላይ ሾፌር ነበርኩ! እሳቸው ምን ሊያዩልኝ ነው? እያልኩ በሆዴ አጉረመረምኩ። አማት ናቸውና እምቢ አይባልም።

ቀዩ መኪና ግን... ወላሂ ፍቅር ያዘኝ። ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ። ደላላው ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሳ። «ጨርሰናል» ልል አፌን ስከፍት አባ ይመር ክንዴን ያዙኝ።

«ሰይድ፣ ይኸ ነገር ሙቅ ነው።»

«ሞተር ነዋ አባ፣ ሲነሳ ይሞቃል።»

«ሳያስነሳው እኮ ነው የነካሁት። እኛ ሳንመጣ አሙቀውታል።»

ከዚያ ጠጋ ብለው የበቅሎ ንግድ ምስጢር ሹክ አሉኝ። አንካሳ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ገዢ ከመምጣቱ በፊት ወዲያ ወዲህ ያመላልሳታል። ሰውነቷ ሲፍታታ ማንከሷ ይጠፋል። ገዢው ደስ ብሎት ይወስዳታል። በማግስቱ ከበረት ሲያወጣት ነው ጉዱን የሚያየው። «ስለዚህ የበቅሎ ገዢ፣ በቅሎዋ እስክትበርድ ቁጭ ይላል» አሉኝ።

እውነትም ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ! ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» አለ። «ይምጣ፣ አብረን እንቀመጣለን» አሉት። ሻይ አስመጣላቸው፣ ጠጡ። ተቆጣ... «አብሽር ልጄ» አሉት። ዙሁር ሲደርስ እዚያው ግቢው ውስጥ ሰገዱ። እኔ አፍሬ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቅቶኛል።

ሰግደው ሲጨርሱ ኮፈኑን ነኩ። «በርዷል። በል አስነሳው።»

ደላላው ቁልፉን አዞረ... ዝም። ደገመው... ሳል ብቻ። ግቢው በጭስ ተሞላ፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! ጨው ጭኜ፣ ውርጭ ባለበት ማለዳ፣ መንገድ ላይ በዚህ መኪና ስቀር ታየኝ።

«ያኛውስ?» አሉ አባ ይመር። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሟል። ቀለሙ የተላጠ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ፣ ኮፈኑ ላይ ደግሞ ዶሮ ተኝታለች።

«እሱን ይተዉት አባባ፣ ባትሪውም ደክሟል።»

«ዶሮዋ ከገባን ጀምሮ አልተነሳችም። ይኼን ማንም አላሞቀው» አሉኝና ዶሮዋን አባረሯት። ማኑቬላውን፣ ያንን በእጅ የሚዞረውን ብረት፣ ከፊት አስገብቼ አንድ ጊዜ ባዞረው... ድው ብሎ ተነሳ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ገና ነው። ጭነትና ዳገት ይቀረዋል» አሉ።

«ጭነቱን ከየት ላምጣልዎት?» አለ ደላላው።

«እነዚህ ሲስቁብኝ የዋሉት አሉ አይደል?»

ሳቂዎቹ እየተሳሳቁ ተጫኑ። መኪናው ውስጥ የቀረ ቦታ አልነበረም። ወደ ኩታበር በሚወስደው ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ለቀቅኩት። አቃሰተ እንጂ አልቆመም። ጫፍ ላይ ስንደርስ ጠዋት የሳቁት ሰዎች ለአባ ይመር አጨበጨቡ። የተገዛው ላንድሮቨሩ ነው።

ዕቃውን ጭነን መንገድ ላይ አደርን። በማግስቱ መስታወቱ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ማኑቬላውን አዞርኩ... በአንዴ! ገበያው ገና ሳይሞቅ፣ ጥሩንባዬን እየነፋሁ መካነ ሰላም ገባሁ። ሚስቴ ከገበያው ማዶ ነጠላዋን ስታውለበልብ አየኋት። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ጨውና ሳሙናውን አይቶ፣ የተላጠውን መኪና ዞሮ፣ «ሥራው ያንተ ነው። ለመሆኑ ይኼን ማን መረጠው?» አለኝ።

አባ ይመር ቀደሙኝ። «ልጃችን ነዋ! እሱ እኮ መኪና አዋቂ ነው።»

ደሴ ላይ ያፈርኩባቸው ሰውዬ በገበያው ሰው ሁሉ ፊት አከበሩኝ። እንባዬ መጣ። «ኧረ ውሸታቸውን ነው! የመረጡት እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

እኔማ ቀዩን ወድጄ ነበር።