እጀታ አልቀበል ያለው ቢላዋ

ከሰሉን አቀጣጥዬ ወናፉን መንፋት እንደጀመርሁ አንድ ሽማግሌ ከግቢያችን በር ላይ ቆሙ...

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከቀይ ሽብሩ ሦስት ዓመት ያህል በኋላ። እኔ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ ለቢላዋ እጀታ እገጥማለሁ። ሙያው የሟቹ አባቴ ነው።

ሽማግሌው ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ በጀልባ የመጡ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው አንድ የዛገ ቢላዋ ሰጡኝ። እጀታ የለውም። ሦስት ጊዜ አስገጥመውለት ሦስቱም ሳምንት ሳይሞላው ውልቅ እንዳለ ነገሩኝ። ባሕር ዳር በእሳት አለስልሶ የሚገጥም አለ ሲባል ሰምተው ነው የመጡት።

ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። እጀታው ውስጥ የሚገባው የቢላዋው ጭራ ጠንካራ ከሆነ ለማያያዣው ሚስማር መሰርሰሪያ አይበሳውም፣ በመዶሻ ሲመቱት ደግሞ ቀጭ ይላል። ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጭራውን ብቻ ፍም እስኪመስል ማጋል፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ነው። ይለሰልሳል።

ከማጋሌ በፊት ግን በሞረድ ሞከርሁት... ሞረዱ እንደ እንጨት በላው። ጭራው ድሮውንም ለስልሷል። ያለሰለሰውም ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። ታዲያ ሦስት እጀታ ምን አወለቀው?

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ወደ እሳቱ ጠጋ አሉ። «አንተ ግን አግለው ልጄ፤ ለዚሁ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

አጋልሁት። ጭራው ሲቀላ ዝገቱ እየተሰነጠቀ ይረግፍ ጀመር። ከሥሩ ተመትቶ የተጻፈ ፊደል ብቅ አለ... «ደ»። ከፊደሉ በታች ሁለት ነጥብ።

ቢላዋውን በጉጠት ከእሳቱ አወጣሁት። አባቴ ለሁለት ልጆቹ ለእያንዳንዳችን ቢላዋ ሠርቶልን ነበር። እጀታው በሚሸፍነው ቦታ የስማችንን መጀመሪያ ፊደል፣ ከበታቹም ሁለት ነጥብ መትቶበታል። እጀታው ካልወለቀ በቀር ማንም አያየውም። የኔው «መ» ነው። «ደ» የታላቅ ወንድሜ የደሳለኝ ነው።

ደሳለኝ በዚያ በቀይ ሽብሩ ቀውጢ ጊዜ ሱዳን እገባለሁ ብሎ ወጥቶ ቀረ። እናቴ «ልጄ በሕይወት አለ» ብላ ለቅሶ እንዳንቀመጥ ከልክላናለች። ያን ሰዓትም ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ይሰማኛል።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባባ፣ ይኼን ቢላዋ ከየት አገኙት?» አልኋቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐይቁ ዳር ካወጣው ሬሳ ወገብ ላይ ነው አሉኝ። ያኔ ሬሳ አገኘሁ ማለት ራስን ማስጠየቅ ስለነበር፣ ከአንድ ቄስ ጋር ሆነው ለማንም ሳይናገሩ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቀበሩት። ቢላዋውን ምናልባት ዘመድ ቢመጣ ብለው አስቀመጡት። የሚጠይቅ ሲጠፋ ጊዜ፣ የድሮ እጀታው በውሃ በስብሶ ስለነበር፣ ለመረብ ሥራ እንዲሆናቸው ሌላ እጀታ አስገጠሙለት።

«እጀታው በወለቀ ቁጥር ያ ልጅ በሕልሜ ይመጣል» አሉኝ። «አይናገርም። ከደጃፌ ቆሞ ያየኛል።»

ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም። ቢላዋውን ዞራ አላየችውም። ሽማግሌውን ነው ያየችው።

«የፊት ጥርሱ ሸራፋ ነበር?» አለቻቸው።

«ነበር» አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው።

በሳምንቱ እናቴን ይዤ በጀልባ ወደ ቁንዝላ ተሻገርሁ። ሽማግሌው ከወደቡ ተቀብለው መቃብሩ ድረስ ወሰዱን። ሣር በቅሎበታል፤ ዙሪያውን ግን ሰው በድንጋይ ከልሎታል። ቄሱ እስከዚያ ቀን ድረስ «ስሙን አንተ የምታውቀው» እያሉ ሲጸልዩለት እንደኖሩ ነገሩንና የክርስትና ስሙን ጠየቁን።

እናቴ «ኃይለ ሚካኤል» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች።

እስከ ዛሬ ጭራው ለምን እጀታ አልይዝ እንዳለ ሊያስረዳኝ የቻለ ባለሙያ አላገኘሁም። እኔም ብሆን ሙያዬን አውቃለሁ... ይህን ግን አላውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ቢላዋ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ፣ እሳት ከማቀጣጠሌ በፊት ከየት እንዳገኘው እጠይቃለሁ። ሁሉም «ከገበያ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል።