የተራበ በሬ ሐሞት

ንግሥቴ በመካነ ሰላም የታወቀችበት ሙያ አንድ ነበር፤ ሐሞት ሳታፈርጥ ሆድ ዕቃ ማውጣት። ወንዶቹ አርደው ቆዳ ይገፍፋሉ፤ ጉበቱ ላይ የተጣበቀችውን አረንጓዴ ከረጢት ግን እሷ ካልመጣች የሚደፍራት የለም። ከፈረጠች ሥጋው መረረ ማለት ነው።

በስድሳ ስድስት ድርቁ ከብቱን ሲጥል፣ ሳይሞት ይበላ እየተባለ የሚታረደው በዛ። ያኔ አንድ ነገር አስተዋለች። የጠገበ በሬ ሐሞቱ ሟሽሾ ይገኛል፤ ሳር ካየ ቀናት ያለፉት ግን እንደ ቅል ተነፍቶ። ላልበላ ሆድ ሐሞት አይፈስም፤ ይጠራቀማል።

በዚያው ዐቢይ ጾም የአራት ዓመት ልጇ አባተ በረሀብ እግሩ አበጠ፣ ጠጉሩ ቀላ። የእርዳታ ጣቢያው የጤና ረዳት፣ ድሬሰር አምባቸው፣ ቀጭን አጥሚት በማንኪያ፣ ጥቂት በጥቂት እንድትሰጠው ነገራት።

"የወፍ ቀለብ!" አለች በልቧ። ቅባት የሚፈጨው በሐሞት ነው፤ የልጇ ሐሞት ደግሞ እንደዚያ በሬ ሞልቷል። የሚያነሣው ቅቤ ነው።

የባለርስቱ ሚስት ዘንድ ሄደች።

"እሜቴ ወርቂቱ፣ ለልጄ ትንሽ ቅቤ።"

"በጾም?"

"ልጅ አይጾምም፣ እሜቴ።"

"ምን ሲባል አይጾምም፤ ከጥር ጀምሮ ጾሞ የለም እንዴ!" የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። "በይ ውሰጂ፤ እስከ ፋሲካ ትፈጪልኛለሽ።"

አንድ ሲኒ ሙሉ አቅልጣ አጠጣችው።

"ይጣፍጣል፣ እማ" አላት።

በማግስቱ ቅቤው እንደገባ በተቅማጥ ወጣ፤ ውሃው ላይ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባተ ሞተ።

አምባቸው አልራራላትም። "ሐሞት ከምን የሚሠራ መሰለሽ? ጉበት ነው ከገላ ስብ የሚሠራው። ሐሞቱ የበላነውን ቅባት ካሟሟ በኋላ አንጀት መልሶ ይመጠውና ለጉበቱ ይልክለታል፤ ያው ሐሞት እንደገና ይሠራል። የልጅሽ ገላ ግን ስብ አልቆበታል፤ ጉበቱም ደክሟል። ከረጢቱ ቢሞላም ጉልበት የሌለው ውሃ ነው።"

"በሬው ግን..."

"ልጅሽ በሬ ነበር?"

ከቀብር መልስ እሜቴ ወርቂቱ አስጠሯት። "ልጁ ቢሞትም ቅቤው ተበልቷል፤ ፍጪ።" ፈጨች። ለፋሲካም የእሜቴን የሰባ ሰንጋ ሆድ ዕቃ አወጣች። ሐሞቱ የተሟጠጠች ትንሽ ከረጢት ነበረች፤ አላፈረጠቻትም።

አብዮቱ መጥቶ መሬት ሲከፋፈል፣ የገበሬ ማኅበሩ እሜቴ ወርቂቱን ሕዝብ ፊት አቆማቸው። ሊቀ መንበሩ ንግሥቴን አስነሣት። "የበደሉሽን ተናገሪ፤ አትፍሪ።"

ንግሥቴ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

"ቅቤ ለመንኳቸው። ሰጡኝ" ብላ ተቀመጠች።

ሰዉ ሳቀባት።